ከአንገት መጽናት እስከ ‹‹ወፌ ቆመች››፡ የልጃችን የመጀመሪያ ዓመት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ የምንነጋገረው ሕፃን ልጅ ከተወለደበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለሚያሳየው አካላዊ እድገት ነው። ንግግራችንንም በጋምቤላ ክልል፣ በመዠንግር ዞን፣ በመቲ ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች አድርገነዋል። መቲ የቡናና የማር አገር ናት። ቡና በሚለቀምበት ወቅት እናት ልጇን አዝላ ስትለቅም ትውላለች። ማሩም ከቤት አይጠፋም። ወባ አለ፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ጠለቅ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ደግሞ ወደ ቴፒ ወይም ወደ ሚዛን አማን መሄድ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የልጁን ችግር ቀድሞ ያየ ቤተሰብና ዘግይቶ ያየ ቤተሰብ እኩል አይሆኑም። ደግሞም የምንናገረው መቲ ላለ ብቻ ሳይሆን ሕፃን ላለበት ቤት ሁሉ የሚሆን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም ሰውን በደካማነት እንደሚያስጀምረውና ከደካማነት በኋላ ብርታትን እንደሚሰጠው ያስታውሰናል። ይህ ብርታት በአንድ ሌሊት አይመጣም። በየወሩ፣ በቅደም ተከተል ይመጣል። ወላጆች ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት በአንዱ እንሳሳታለን። አንዳንዶቻችን ‹‹የጎረቤት ልጅ በዘጠኝ ወሩ ቆመ፤ የኛ ገና ይድሃል›› እያልን በከንቱ እንጨነቃለን። ሌሎቻችን ደግሞ ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ሳይቆም ‹‹አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደ፤ ይደርሳል›› ብለን እንቀመጣለን። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የእድገቱን ቅደም ተከተልና የመጨረሻውን የመጠበቂያ ጊዜ ማወቅ ነው።

ወሩን በትክክል እንቁጠር

የልጅን እድገት ለመመዘን መጀመሪያ ዕድሜውን ማወቅ ያስፈልጋል። ‹‹ረመዷን ገደማ ነው››፣ ‹‹ቡና ሲለቀም ነው የተወለደው›› ማለት ለጨዋታ ይበቃል፤ ለሐኪም ግን አይበቃም። ከረመዷን እስከ ረመዷን ያለው የሂጅራ ዓመት 354 ቀን ያህል በመሆኑ ከፀሐይ አቆጣጠር በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ነገር ግን ‹‹ገደማ›› የሚለው ቃል ወደፊትም ወደኋላም አንድ ሁለት ወር ሊደብቅ ይችላል። ለስድስት ወር ሕፃን ሁለት ወር የዕድሜው ሲሶ ነው! ስለዚህ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ስናርድና ስም ስናወጣ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት አብረን እንጻፈው።

ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃንም የራሱ ሒሳብ አለው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ስምንት ወር ሲሆነው የሚጠበቅበት የስድስት ወር ልጅ ሥራ ነው። እናቱ ይህን ካወቀች ያለ ምክንያት አትሸበርም።

በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃን እንደተወለደ፣ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎም በ9ኛው ወር ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። እነዚህ ቀናት ለመርፌ ብቻ አይደሉም። ክብደቱ የሚመዘንበት፣ ቁመቱና የራሱ ዙሪያ የሚለካበት፣ ‹‹አንገቱ ጸና ወይ? ተቀመጠ ወይ?›› ብለን የምንጠይቅበት ዕድል ናቸው።

ክብደትና ቁመት

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤናማ ሕፃን በአማካይ ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከክብደቱ እስከ አንድ አሥረኛ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሶታል። አምስት ወር አካባቢ የተወለደበት ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ቁመቱ ደግሞ ከ50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 75 ይጠጋል። የራሱ ዙሪያ ከ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ 45 ወይም 46 ያድጋል፤ ይህም የአንጎሉ እድገት መስተዋት ነው። በራሱ ላይ የምትመታው እርግብግቢት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ትገጥማለች። ልጁ ተቅማጥ ይዞት እርግብግቢቱ ከጎደጎደች ውኃ ከሰውነቱ አልቋል ማለት ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀጥ ብሎ ተይዞ እያለ ከተወጠረችና ካበጠችም አደጋ ነው። በሁለቱም ጊዜ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ለዚህ እድገት እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። እንገሩም አይደፋ፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ እርሱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ማጥባቱ ግን አይቋረጥም። በሱረቱ አል-በቀራህ ማጥባትን ለማሟላት ለሚፈልግ የተነገሩት ሁለት ሙሉ ዓመታትና ዛሬ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ላይ ይገጥማሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኝቷል። መቀጨጩ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ተጨማሪ ምግብ ከሚጀመርበት ወቅት በኋላ ነው። በመቲ አካባቢ ደግሞ ጎደሬው፣ በቆሎው፣ ሙዙና አቮካዶው አለ። ከዚህ ላይ እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ ሲጨመርበት ቀጭን አጥሚት ብቻ ከማጠጣት በብዙ ይሻላል።

ብርታት ከራስ ወደ እግር ይወርዳል

ውድ አድማጮች! የሕፃን ጉልበት ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው። አንገት ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል፣ እግር መጨረሻ ይደርሳል። እንዲሁም ከትከሻ ተነስቶ ወደ ጣት ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው አንገቱ ያልጸናን ሕፃን በትራስ ደግፎ ለማስቀመጥ አይቸኩልም።

በመጀመሪያው ወር ሕፃኑ መዳፉን ጨብጦ ይተኛል፤ በሆዱ ሲደረግ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ሁለት ወር ሲሞላው በሆዱ ተኝቶ ራሱን ለአፍታ ቀና ያደርጋል። ከሦስት እስከ አራት ወር አንገቱ ይጸናል፤ በክርኑ ተደግፎ ደረቱን ያነሳል፤ መዳፉ ይከፈታል፤ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይገላበጣል፤ ያየውን ነገር ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። ስድስትና ሰባት ወር ላይ የያዘውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ እጁን መሬት ላይ ተደግፎ ይቀመጣል።

ለዚህ ሁሉ ልምምዱ መሬት ላይ ነው። ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ ሰው እያየው ንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ይደረግ፤ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ እየተራዘመ ይሂድ። እንቅልፍ ሲወስደው ግን በጀርባው ይተኛ። ማዘል መልካም ልማድ ነው። እግሮቹ ከፈት ብለው የእናቱን ወገብ ማቀፋቸው ለዳሌው መገጣጠሚያም ይስማማል፤ እግሩን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ግን ዳሌን ይጎዳል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ አንቀልባ ውስጥ የዋለ ልጅ ክንዱንና ወገቡን የሚያሠራበት ጊዜ አያገኝም። ቡና የምትለቅም እናት ለምሳ ስታርፍ ሕፃኑንም አውርዳ ጨርቅ ላይ ታንፈራግጠው።

መቀመጥ፣ መዳህ፣ መቆም፣ መሄድ

የዓለም የጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በሚገኙ ሕፃናት ላይ ትልቅ ጥናት አካሂዶ ውጤቱን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ይፋ አድርጓል። የእንቅስቃሴ ደረጃዎቹ የተለኩት ከብራዚል በስተቀር በአምስቱ አገሮች ነበር። ጤናማ ሕፃናት እያንዳንዱን ደረጃ የሚደርሱበት የጊዜ ክልል የሚከተለው ሆኖ ተገኘ።

- ያለ ድጋፍ መቀመጥ፡ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር
- ተደግፎ መቆም፡ ከ4.8 እስከ 11.4 ወር
- በእጅና በጉልበት መዳህ፡ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር
- ተደግፎ መራመድ፡ ከ5.9 እስከ 13.7 ወር
- ብቻውን መቆም፡ ከ6.9 እስከ 16.9 ወር
- ብቻውን መሄድ፡ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አንዱ ጤናማ ልጅ በስምንት ወሩ፣ ሌላው ጤናማ ልጅ በአሥራ ሰባት ወሩ ሊሄድ ይችላል። ለሴትና ለወንድም የተለያየ ወሰን አላስፈለገም። ከመቶ አራት ያህሉ ሕፃናት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ አልፈው ቆመዋል። እንግዲህ ‹‹ሳይድህ ቆመ›› ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። የጎረቤት ልጅ መለኪያችን አይደለም፤ መለኪያችን ይህ ክልል ነው። የክልሉ የመጨረሻ ወር ካለፈ ደግሞ ‹‹ይደርሳል›› የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣና ወደ ባለሙያ እንሂድ።

ልጁ መዳህ ሲጀምር ቤቱም መለወጥ አለበት። ጀበናውና ከሰሉ ከመሬት ይነሳ፤ ምድጃው ይከለል። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሕፃኑ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ቆንጥጦ ማንሳት ይጀምራል። ይህ ትልቅ እድገት ነው፤ ነገር ግን መሬት ላይ የተበተነ የቡና ፍሬ ወይም ቆሎ አንስቶ አፉ ውስጥ የሚከተውም በዚሁ ጣቱ ነው። የቡና ፍሬ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላልና ቡና የሚሰጣበት ቦታና የሚድህ ሕፃን ይራራቁ። ጎማ ያለው የሕፃን መራመጃም መሄድን አያፋጥንም፤ ይልቁንም ለመውደቅና ለእሳት ያጋልጣል። ‹‹ወፌ ቆመች›› እያሉ በእጅ ይዞ ማቆም ከእርሱ የተሻለ ነው።

ከልማዳችን ምን እንተው?

መጀመሪያ ስለ ማር እንናገር። ማር በሱረቱ አን-ነሕል መድኃኒትነቱ የተነገረለት ታላቅ ጸጋ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ሥጋም ምግብ ሆኖ ሳለ ጥርስ ለሌለው ሕፃን እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። በማር ውስጥ ለትልቅ ሰው ጉዳት የማያደርስ የተኛ ጀርም ሊኖር ይችላል። ይህ ጀርም ባልጠነከረው የሕፃን አንጀት ውስጥ ሲገባ ይነቃና መርዝ ያመነጫል፤ በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል። ምልክቱን ስሙ፤ ልጁ ሰገራ ይደርቅበታል፣ ጡት የመጥባት ኃይሉ ይደክማል፣ ለቅሶው ይለሰልሳል፣ የጸናው አንገቱ ተመልሶ ይልፈሰፈሳል። ጣፋጭ ይቅመስ ብለን የሰጠነው ማንኪያ የአንገቱን ጉልበት ይነጥቀዋል ማለት ነው። የንጹሕ ደን ማር መሆኑም ከዚህ አያድንም፤ በቤት ማፍላትም ጀርሙን አይገድለውም። በታወቁት ሐዲሦች ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለተወለዱ ሕፃናት ተሕኒክ ያደርጉ የነበረው በቴምር ነው። ስለ አፈጻጸሙ ዑለማዎችን፣ ስለ ንጽሕናው የጤና ባለሙያን እንጠይቅ። በቴምር ፈንታ ማር ማላስን ግን እንተው። ልጁ ዓመት ሲሞላው የመቲን ማር በደስታ ይላስ!

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ዓይን እንዳያርፍበት፣ ምች እንዳይመታው እየተባለ ወራት ሙሉ ተጠቅልሎ ጨለማ ቤት የሚቀመጥ ሕፃን አጥንቱ የሚጠነክርበትን ቫይታሚን ዲ አያገኝም። በዚህ ምክንያት ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ይይዘዋል፤ መቀመጡም መሄዱም ይዘገያል፣ እግሩ ይጎብጣል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ በሳምባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ሕፃናት ጋር አነጻጽሯል። ሪኬትስ ከታመሙት በ210፣ ካልታመሙት በ20 ላይ ተገኘ። ስለዚህ ነገሩ የእግር መጉበጥ ብቻ አይደለም፤ ደረቱም ይደክማል። በተለይ ዝናብ በሚበዛበት አገር ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሕፃኑን አውጥተን፣ እጅና እግሩን ገልጠን፣ ዓይኑን ከልለን ጠዋት ጠዋት እናሙቀው።

ሦስተኛው ግግ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር አካባቢ ይወጣል፤ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ወር ቢሆንም ችግር የለበትም። በዚሁ ወቅት ልጁ ይድሃል፤ ከመሬት ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ተጨማሪ ምግብም ይጀምራል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ግን ጥርሱን ይከስሳል፤ በስለት ድዱን አስፍቶ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ያስወጣል፣ ወይም እንጥሉን ያስቆርጣል። ይህ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ተቅማጡንም አያቆምም። የተቅማጥ መድኃኒቱ ጡት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ፣ መከላከያውም በሳሙና የታጠበ እጅ ነው።

ወባንም አንርሳ። ደጋግሞ ወባ የያዘው ሕፃን ደሙ ይቀንሳል፤ ይደክማል፣ እንቅስቃሴውም ወደኋላ ይቀራል። ሕፃኑና እናቱ በአጎበር ይተኙ። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር።

የቀኝ እጅ ነገር

አንድ ነገር ለሙስሊም ቤተሰብ ለይተን እንናገር። በቀኝ እጅ መብላት ሱንና ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትም ከገበታ አብሮ የሚበላን ልጅ ነበር። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በሁለቱም እጁ እኩል መያዝ አለበት። የስድስት ወር ልጅ ሁልጊዜ በቀኙ ብቻ ሲይዝ ‹‹ማሻአላህ፣ ከአሁኑ ሱንና ያዘ›› ብለን እንደሰት ይሆናል። ግራ እጁን ግን እንመልከት፤ ጨብጦ የሚይዛት፣ የማይዘረጋት ከሆነ ያቺ እጅ ደክማለች፤ የአንጎል ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ቀኝና ግራውን በኋላ እናስተምራለን፤ አሁን ሁለቱም እጆቹ መሥራታቸውን እናረጋግጥ።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

አራት ወር ሞልቶት አንገቱን ፈጽሞ የማይቆጣጠር፣ ስድስት ወር ሆኖት እጁን ወደ ዕቃ የማይዘረጋ፣ ዘጠኝ ወር አልፎት ሳይደገፍ የማይቀመጥ፣ ዓመት ሞልቶት ተደግፎ እንኳ የማይቆም፣ አሥራ ስምንት ወር ሆኖት የማይሄድ ልጅ ይታይ። ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም እንደ ጨርቅ የላላ፣ በአንድ ወገኑ ብቻ የሚንቀሳቀስም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ፣ ለምሳሌ ተቀምጦ የነበረ መቀመጥ ያቃተው ልጅ፣ ለነገ አይባልም።

ውድ አባቶችና እናቶች! እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥም ‹‹ዓይን ነው፣ ጂን ነው›› እያልን ቤት ውስጥ የምንሸሽገው ጊዜ አለ። በቁርኣን ሩቅያ ማድረግና ዱዓ ማድረግ ሕክምናን አይከለክልም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል። ‹‹ቀደር ነው›› ብሎ መቀመጥም ተወኩል አይደለም። ግመሉን መጀመሪያ አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት እንደሚገባ ተምረናል። የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ይማራል። ሪኬትስ በጊዜው ከተደረሰበት ይድናል፤ የታይሮይድ እጥረት በጊዜው መድኃኒት ካገኘ አእምሮ ይተርፋል፤ የአንጎል ጉዳት ያለበት ልጅም እንቅስቃሴ በጊዜ ከተለማመደ የሚችለው ይበዛል። ያው ልጅ በአራት ዓመቱ ቢመጣ ሐኪሙ ያንኑ ያህል ሊረዳው አይችልም። ዘግይቶ የታየ ወይም የማይድን ቢሆንም ደግሞ አማና ነው፤ አይሸሸግም፣ አይናቅም።

መጀመሪያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እናማክር፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ወደ ሆስፒታል ከተላክንም ጉዞውን አናዘግይ። ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የመኪናውን ገንዘብ የሚያዘጋጀው፣ ካርዱን የሚይዘው፣ ሌሎቹን ልጆች የሚጠብቀው አባት ነው። ረመዷን ሲመጣ ደግሞ በመጾሟ ለራሷ ወይም ለሕፃኑ ጉዳት የምትፈራ አጥቢ እናት ሸሪዓው ማግራቱን ፈቅዶላታል፤ የቀዷውንና የፊድያውን ዝርዝር ዑለማዎችን ትጠይቅ። ቤተሰቧም አያሳፍራት።

በዚህ ሳምንት ሕፃን ያለን ሁሉ አንድ ነገር እናድርግ። የክትባት ካርዱን አውጥተን የልደቱን ቀን እንይ፤ ወሩን እንቁጠር፤ ልጁን ምንጣፍ ላይ አድርገን ምን እንደሚችል በእርጋታ እንመልከት። ደህና ከሆነ አልሐምዱሊላህ እንበል፤ ካጠራጠረን እንነሳ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።